የአባቴ እግርና የደንገል ዳር ቅዳሴ

አባቴ ቄስ ገድሉ በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ የሚጾሙ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ሚዛኑ አንድ ኩንታል ከአራት ኪሎ አለ። ባለወፍጮው ጌትነት ዱቄት የለበሰ ፊቱን ቀና አድርጎ አያቸውና፦

«አባ፣ ጤፍ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቤተሰብ ክረምቱን ይወጣብዎ ነበር» አለ።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ሁለት ጣት የጎደለውን ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ከሚዛኑ ወረዱና ወደ እኔ ዞረው «ጻፊው፣ ሰብሌ» አሉኝ። በልጄ በዜማ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍሁት። ከዚያ ቁጥር በፊት የሆነውን ግን አስቀድሜ ልናገር።

አባቴ የሚያገለግሉት ደንገል ዳር ሚካኤል ነው። ከባሕር ዳር ወጥቶ ጣናን ይዞ በእግር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርስበታል። ደንገሉ ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ ቅጥሩ ድረስ የበቀለበት፣ ስልሳ አባወራ የማይሞላ ትንሽ ደብር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ቀድሰውበታል። ድሮ ስድስት ቄሶች ነበሩት። ወጣቶቹ ከተማ ወዳሉት ደብሮች እየሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ እያረፉ፣ በመጨረሻ አባቴና ቄስ አዘዘ ብቻ ቀሩ። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው በታች አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ዲያቆን ተፈልጎ አይጠፋም። ከሁለቱ ቄሶች አንዱ ከጎደለ ግን በሩ ተዘግቶ ይውላል።

ቄስ አዘዘ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። ደረታቸው ክረምት ከበጋ ያፍናቸዋል። የስልሳ ሦስት ዓመቱን አባቴን «አንተ ልጅ» ነበር የሚሏቸው።

ሰው ሁሉ «እንዲህ እየጾሙ በምን ወፈሩ?» ይላል። በምን እንደ ወፈሩ እኔ አውቃለሁ። አባቴ ከተማም ገጠርም ያሉ አርባ ቤት የንስሐ ልጆች አሏቸው። ካህን ያልቆረሰው ማዕድ አልተባረከም ይባላል። በአንዱ ቤት በልቶ ለሌላው «ጠግቤአለሁ» ማለት አንዱን መውደድ፣ ሌላውን መናቅ ነው። አንድ እሑድ አራት ቤት የበሉበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ጾምም ስለነበር ሁሉም በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮ፣ ሁሉም ዳቦ፣ ሁሉም «የጾም ነው» እያለ ለስላሳ ይከፍትላቸዋል። እናቴ የብርጓል በሕይወት ሳለች ሰበብ ነበረቻቸው። «ቤት ምሳ ትጠብቀኛለች፣ ትቀየመኛለች» ብለው ይነሡ ነበር። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ካህን ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም። ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከእኔና ከባለቤቴ ከምሥጋና ጋር መኖር ሲጀምሩ «የሚጠብቀኝ አለ» ማለት ተዉ። እኔም እጠብቃቸው ነበር። ግን የልጅ መጠበቅ እንደ ሚስት አይደለም መሰለኝ።

ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው እናቴ ሳትሞት ነው። ኪኒን ተሰጣቸው፤ ሲያስታውሱ ይውጣሉ፣ ሲረሱ ይረሳል። ከጊዜ በኋላ እግራቸውን ጉንዳን ጉንዳን ይላቸው ጀመር። ቀጥሎ ጉንዳኑም ጠፋ።

«ተሻለኝ እኮ ልጄ፤ አሁን ምንም አይሰማኝም» አሉኝ።

እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም አላወቅንም።

ያን ዓመት መጋቢት ላይ «እብጠቱንም ጠራርጎ ይውሰድልኝ» ብለው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄድን። እኔ ዜማን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ልብስ ሳጥብ፣ እሳቸው ውሃው ገና ትኩስ ሆኖ ከሚወጣበት፣ ሰው እግሩን ነክሮ ቶሎ ከሚያወጣበት ቦታ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረ ሽማግሌ «አባ፣ ይበቃዎታል፣ ይሄኛው ይፋጃል» ብሏቸው ነበር። «እኔን የት ፈጀኝ?» ብለው ዳዊታቸውን ከፈቱ። እግራቸውን እንደ ነከሩ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ደገሙ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ስመለስ ዳዊቱን ሲስሙ ደረስሁ። እግራቸውን ከውሃው ሲያወጡት የቀኙ እግር ቆዳ ከውሃው አልወጣም።

እኔ ጮህሁ። እሳቸው ግን የሚጮኸው ማን እንደሆነ ዞር ዞር ብለው ፈለጉ።

ያን ቀን ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «የጸበል ቁስል በጸበል ይድናል» አሉ። ካልሲ አጥልቀው፣ እምነት ነስንሰውበት፣ «እየሻረ ነው» እያሉ ሁለት ሳምንት ከእኔ ደበቁት። ያወቁባቸው ቄስ አዘዘ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ እጃቸውን ይዘው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወሰዷቸውና «አንተ ልጅ፣ በዕጣን መሀል ትሸታለህ። ጫማህን አውልቅ» አሏቸው። በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ።

የምትከታተላቸው ነርስ ሲስተር ሥርጉት አነጋገሯ እንደ መርፌዋ ነው። ቁስሉን እየጠረገች እንዲህ አለቻቸው፦

«አባ፣ ይሄ እግር ውሻ የሌለው ቤት ነው። ሌባ ቢገባ የሚጮህ የለም። ልጅዎ በየማታው ትፈትሽልዎ፤ መርገጫውንም፣ በጣቶቹ መሀልም። ደግሞ ክብደትዎን ይቀንሱ፣ ስኳሩን ይግዙት። ካልሆነ ጣት አይደለም፣ ከጉልበት ነው የምንነጋገረው።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ አባቴ።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። እርስዎም እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

ይህን ያህል ተነግሯቸው ምንም አልተለወጡም። ደም የሚወጣው ቁስል ይዞ መቅደስ ስለማይገባ ቤት ዋሉ። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ለስላሳ በሳጥን። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ይቀምሳሉ። ብናገር «የሰው ፍቅር እንዴት ይመለሳል?» ይሉኛል። አለቀስሁ፣ ለፈለፍሁ፣ ሳጥኑን ደበቅሁ፤ አገኙት። ሞት የሚያስፈራቸው ሰው አልነበሩም። እናቴ ያለችበት ስለሆነ ይመስለኛል።

በግንቦት መጨረሻ ወይዘሮ ሸዋዬ ከደንገል ዳር መጣች። ከሁሉም የንስሐ ልጆቻቸው አብዝታ የምታበላቸው እሷ ነበረች፤ ምላሷም ከምግቧ እኩል የታወቀ ነው። ያን ቀን ባዶ እጇን ገባች። መስቀል ተሳልማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምንም አላመጣሁም፣ አባ።»

«ምን ቸገረኝ፣ አንቺ መጣሽ» አሉ እየሳቁ።

«ስድስት እሑድ ሆነ። በሩ ተዘግቶ ቄስ አዘዘ ደጁ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የልጅ ልጄን በአርባ ቀኑ ታቅፈን ወደ ሌላ ደብር ብንነሣ መንገድ ተዘግቶ ተመለስን። ልጁ እስከ ዛሬ አልተጠመቀም። ሌት ባሳለ ቁጥር እናቱ እየተነሣች እንደ ሻማ ትቀልጣለች፤ ሳይጠመቅ ቢሄድብኝስ እያለች።»

አባቴ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ሳቡ።

«ቄሱ ሆዳቸው ሞልቶ፣ ሚካኤል ጾሙን ይውላል» አለች።

እኔ ልነሣባት ነበር። አባቴ በእጃቸው ያዙኝ።

«ሸዋዬ፣ ማን አበላኝ?»

«እኛ ነን። እኔ ነኝ። ግን አባ፣ እኛ ስንሳሳት የሚገሥጸን እርስዎ አልነበሩ?»

ተነሥታ ሄደች። አባቴ ያን ቀን እራት አልበሉም። እኔም አልለመንኋቸውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሊጠይቅ የመጣው ያመጣውን ይዞ እንዲመለስ አደረጉ፤ አንድ የተቀየመ ዘመዳችን ዳቦውን በር ላይ ጥሎት ሄደ። ሰኔ በባተ በሦስተኛው ቀን «ጌትነት ሚዛን አለው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ወፍጮ ቤቱ ያ ነው።

ከወፍጮ ቤት ስንመለስ በረንዳው ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው «ለሚካኤል ሃያ ኪሎ ተስያለሁ» አሉ።

ምሥጋና ከፋብሪካ ፈረቃው መግባቱ ነበር። «ሃያ ኪሎ ምን አባ? ዕጣን? ሰም?»

«ሥጋ።»

«የምን ሥጋ?»

«የራሴ። ለኅዳር ሚካኤል። ቆሜ እስክቀድስ።»

ምሥጋና ሊስቅ ፈልጎ ፊታቸውን አየና ተወው። ሰው ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። ሥጋ የተሳለ ሰው እኔ ከአባቴ በስተቀር አላየሁም። ነገር ግን አባቴን አውቃለሁ፤ ለሐኪም የተናገሩትን ሊረሱ ይችላሉ፣ ለሚካኤል የተሳሉትን አይረሱም።

እኔ ያደረግሁት ብዙ አይደለም። ሦስት እንጀራ የነበረው አንድ ተኩል፣ ከዚያ አንድ ሆነ። ዘይቱን ከጀሪካኑ መገልበጥ ትቼ በማንኪያ ለካሁ። ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡ የመጀመሪያውን ሳምንት ፊታቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ ነበር የሚያጨማድዱት። ኪኒናቸውን ከውዳሴ ማርያሙ ጋር አንድ ቦታ አስቀመጥሁት፤ ጸሎታቸውን ስለማይረሱ እሱንም አልረሱም። ቁስሉ ሐምሌ ላይ ሲደርቅ ሲስተር ሥርጉት መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መረመረችውና በጣት በኩል ሰፋ ያለ ጫማ አድርገው በቀን ሠላሳ ደቂቃ እንዲሄዱ ፈቀደች፤ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት ቆሞ መቀደሱን ግን እስከ ኅዳር ከለከለች። አባቴ በደቂቃ አይሄዱም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃኑን በቃላቸው እየደገሙ ይወጣሉ፤ ሲያልቅ ይመለሳሉ። መንገድ የተዘጋና የተኩስ ድምፅ የሚሰማ ሳምንት ሲሆን ግቢያችን ውስጥ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ሃያ አራት እርምጃ እየተመላለሱ ጨረሱት። ጎረቤት በአጥር ላይ እያየ «ቄሱ ምን ጠፋባቸው?» ይል ነበር።

ከባዱ መንገዱ አልነበረም፤ ሰው ነው። የንስሐ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ዞሩ፣ ማዕዱን በመስቀል ባረኩ፣ አልቆረሱም።

«በሞቴ፣ አባ! አንዲት ብቻ!»

«በሞቴ አትበሉኝ» ይላሉ፤ «የምሞተው እኔ ነኝ።»

የሳቀም አለ፣ ያኮረፈም አለ። ፔዳ ሰፈር ያለ አንድ የመምህር ቤተሰብ «ናቁን» ብሎ ሌላ የነፍስ አባት ያዘ። ቀሚሳቸው እየሰፋ፣ አንገታቸው እየወጣ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ከኋላዬ «በሽታው ወደ ውስጥ ገብቷል አሉ» ሲባል ሰማሁ። ሌላይቱ «የምን በሽታ! ልጃቸው ናት የምታስርባቸው» አለች። ዞር አልሁ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዱቄቴን ይዤ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን አልቅሻለሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲወፍር ልጁ ትመሰገናለች፣ ሲቀጥን ልጁ ትታማለች።

ቀጥ ብሎ የሄደም ነገር አይደለም። በቡሄ ማግስት ዜማ የተሰጣትን ሙልሙል በጉያዋ ይዛ ተኝታ ስትነሣ አጣችው። ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ጺማቸው ላይ ፍርፋሪ ይዘው ተቀምጠዋል።

«አባባ ነው የበላብኝ!»

«አራቱንም?» አልኋቸው።

«አምስት ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ካህን አባቴን እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ወደ ቄስ አዘዘ ሄደው ተናዘዙ። ቄስ አዘዘ ለሌባ የሚሰጡትን ቀኖና ሰጧቸው፦ ሃምሳ ስግደትና ለባለንብረቷ ካሳ። ለዜማ ዳቦ ገዝተው መጡ። ቄስ አዘዘ ወደ እኔ ስልክ ደውለው ሲያናግሯቸው የሰማሁት ይህን ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ቶሎ በል። እኔ እስክትመለስ ብዬ ነው የምተነፍሰው።»

ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ ጌትነት ሚዛኑን ጠርጎ ጠበቀን። ሰማንያ ሰባት።

«ሦስት ቀረኝ» አሉ አባቴ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አባ፣ አሥራ ሰባት ኪሎ እኮ ነው!» አለ ጌትነት። «አንድ በግ ነው ከላይዎ የወረደው።»

«የተሳልሁት ሃያ ነው።»

በማግስቱ በደንገል ዳር አምስቱ ሞሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ቅዳሴውን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ ነው፤ ዓይኔ የአባቴ ነጭ ካልሲ ላይ ነበር። ድንጋይ ላይ መቆማቸውን፣ ክብደታቸውን ወደ ግራ ማዛወራቸውን፣ መቋሚያውን አለመያዛቸውን እቆጥር ነበር። ቀይ ነጥብ እጠብቅ ነበር። አልታየም። ከቅዳሴው በፊት የወይዘሮ ሸዋዬን የልጅ ልጅ አጥምቀውታል፤ የሰባት ወር ተኩል ልጅ ነው፣ እየተራገጠ ጺማቸውን ነጨ። ሸዋዬ ነጠላዋን ነክሳ ታለቅስ ነበር። ሲወጡ «ብሉልኝ» አላለቻቸውም፣ ማዕድ አላቀረበችላቸውም፤ እጃቸውን ስማ ውሃ ብቻ ሰጠቻቸው።

ቄስ አዘዘ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው «ጨረስህ?» አሏቸው።

«ጨረስሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲህ እኔም ልቀመጥ» አሉና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

በዚያ ወር ሦስት እሑድ ተቀደሰ። ታኅሣሥ 10 ቀን ቄስ አዘዘ ደረታቸው አፍኗቸው ሌሊቱ ሳይነጋ አረፉ። ሰው ሁሉ «ወፍራሙ ይቀድማል ስንል» አለ። አባቴም እንዲሁ ሳያስቡ አልቀሩም።

በሩ ተዘጋ። አባቴ እግራቸው ድኖ፣ ስኳራቸው ወርዶ፣ ደረጃ ሲወጡ ሳይቆሙ፣ የሚቀድሱበት ቤት የላቸውም። ከቀብር በኋላ ጫማቸውን አልጋ ሥር ገፉት። ውዳሴ ማርያሙን ተቀምጠው ይደግሙ ጀመር። ልደት ሲፈሰክ አንድ ቤት ቆረሱ፣ ቀጥሎ ሁለት ቤት። አንድ ቀን አልጋቸውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር አራት የለስላሳ ጠርሙስ አገኘሁ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለማን ብዬ፣ ሰብሌ?» አሉኝ። አልተቆጡም። የምር ነው የጠየቁኝ። «ሚካኤል ደጅ የምቆምበት የለኝ። ቀጥኜ ምን ልሠራ ነው?»

«ለእኛ» ልላቸው ነበር። ዜማ አጠገባችን ብትኖር ትላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ጠርሙሶቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ማታ እግራቸውን ስፈትሽ፣ እጄ ላይ የሚከብደኝ እግራቸው ብቻ አልነበረም። በሳምንቱ ጌትነት ዘጠና አንድ ብሎ ጻፈልኝ።

የቄስ አዘዘ ተዝካር ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወጣ። ዳሱ ከደንገል ዳር ቅጥር ውጭ ተጣለ፤ ጠላው በጋን፣ ወጡ በጎላ። አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ያን ሁሉ እያየሁ ልቤ ተሰቀለ፤ በተዝካር ላይ አለመብላት የሟቹን ነፍስ መንፈግ ነውና ማንም አይችለውም። እሳቸውም መብላት ፈልገው ነበር፤ ከእጃቸው አውቄዋለሁ።

ወይዘሮ ሸዋዬ ወጡን እያስተናገደች መጣች። እንጀራውን በዶሮ ጠቅልላ፣ እንቁላሉን ከላይ አድርጋ፣ የጨቅላ ራስ የምታህል ጉርሻ አነሣች።

«ይቺ የነፍሳቸው ናት፣ አባ። ስለ ቄስ አዘዘ።»

አባቴ ጉርሻዋን አዩ። ዳሱ ሁሉ ያያቸዋል።

«ሸዋዬ፣ አዘዘ ስንት ይበሉ ነበር?»

«ምን?»

«አንቺ ቤት ሲመጡ። ስንት ይበሉ ነበር?»

ሸዋዬ እጇ አየር ላይ ቀረ። «እሳቸውማ ምን ይበላሉ። የወፍ ነው። አንዲት እንጎቻ አይጨርሱም ነበር።»

«እንግዲያው በእሳቸው ልክ አጉርሺኝ።»

ሸዋዬ ጉርሻውን ወደ ሰሐኑ መልሳ፣ ከጫፉ ቆርሳ፣ የአውራ ጣት የምታህል አድርጋ አጎረሰቻቸው። አባቴ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ማዕዱን ባረኩ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ወዴት ነው?» አልኋቸው፤ ዜማን በእጄ ይዤ ተከተልኋቸው።

«ከወዲያ ካለው ደብር ሦስት ቄሶች አሉ። በሰንበት አንዱ ሥራ የለውም። ሄጄ እለምነዋለሁ።»

«ምሥጋና ባጃጅ ይጥራልዎት፤ ሩቅ ነው።»

«በባጃጅ የሄደ ለማኝ ማን ያምነዋል?» አሉ። ቀጥለውም፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ደግሞ ሰባት ኪሎ ይቀረኛል» አሉ።

በዚያ እሑድ በሩ አልተከፈተም። በሚቀጥለውም አልተከፈተም። ይህን የምጽፈው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ አሁንም እንደ ተዘጋ ነው። የመጀመሪያው ደብር «እኛም ሰው የለንም» አለ። ሁለተኛው አስተዳዳሪውን ጠብቁ አላቸው፤ ሦስት ቀን ሄደው ሦስት ቀን አጡት። ሦስተኛው ዘንድ ሊሄዱ ሲነሡ መንገድ ተዘጋና ከግማሽ ተመለሱ፤ በሌላ ቀን ሄደው እንቢ ተባሉ። አራተኛው ደብር ላይ አንድ ወጣት ቄስ «እናያለን» ብሏቸዋል። አባቴ ያቺን ቃል ይዘው አደሩባት። የሚሄዱት ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ማልደው ወጥተው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። በየሄዱበት ቤት «በሞቴ» ይባላሉ። እኔ በስልቻቸው የተቀቀለ ሽምብራና ውሃ አስይዛቸዋለሁ፤ ኪኒናቸውን በወረቀት ጠቅልዬ እጨምርበታለሁ።

ትናንት ጌትነት ሰማንያ ስምንት አለ።

ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ትንሿን መቀመጫ፣ ዱካዋን፣ ስቤ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ወትሮው ፈተሽሁ። ቀኙ ደህና ነው፤ ሁለቱ ጣት የነበሩበት ቦታ ጠንክሯል። ከግራው ተረከዝ ሥር ግን ጫማውን በስቶ የገባ የግራር እሾህ አገኘሁ። እሳቸው አላወቁትም፤ ከጠዋት ጀምሮ ረግጠውት ውለዋል። በወስፌ ጫፍ አወጣሁት። የስንዴ ፍሬ የምታህል ደም ወጣች፤ በጨውና በለብ ያለ ውሃ አጠብሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልሁት። ነገ ማለዳ ሲስተር ሥርጉት ዘንድ እንሄዳለን።

እሾሁን በመዳፌ አድርጌ አሳየኋቸው።

«የየትኛው መንገድ ነው ይሄ?» አልኋቸው፤ እኔ የማውቀው አራት ደብር ብቻ ነበር።

ወደ ብርሃኑ አቅርበው አገላበጡት።

«የአምስተኛው ደብር ነው» አሉ።